ሜኑ ላይ የሌለ ኮክቴል ማዘዝ (ሀዋሳ)

ሀዋሳዊት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አራት ሆነን እንቀመጣለን። ሜኑው ላይ ያለው ኮክቴል ሁሉ ጁስ የበዛበትና የሚያንገፈግፍ ጣፋጭ ነው። እኔ የምፈልገው ጂን፣ ሎሚ፣ ማርና ትንሽ ዝንጅብል ነው። ባርማኑ ግራ ሳይጋባ፣ ሒሳቡም ዱብ ዕዳ ሳይሆን እንዴት ልዘዝ? ጂን ከሌላቸውስ በአረቄ ይሆናል? ከመካከላችን አንዱ ጾመኛ ነው።

ታቦር፦ እህቴ፣ በአስተናጋጅ አትላኪ። ትእዛዙ ባርማኑ ጋ ሲደርስ "ጂን በሎሚ" ብቻ ሆኖ ነው። ራስሽ ባንኮኒው ድረስ ሂጂ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። 3 ሰዓት ላይ ድራፍት ሲያዋክበው የተለየ ነገር ልሥራ የሚል ባርማን አታገኚም። "በጣም እንዳይጣፍጥ" ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ በሚሊ ንገሪው። የሚለካበት ከሌለው ሲንግል የሚቀዳበት መለኪያ ስንት ሚሊ እንደሚይዝ ጠይቂውና በዚያ አስቢ። ዋጋውን ሳይሠራ ጠይቂ፦ ሜኑ ላይ ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በገባው መጠጥ ነው። ቫትና ሰርቪስ ገብቶበት እንደሆነም ያኔውኑ ይነገርሽ።

ከባንኮኒው ጀርባ፦ ያልሽው መጠጥ ስም አለው፤ ቢዝ ኒዝ ይባላል። ባርማኑ ካወቀው "ቢዝ ኒዝ፣ ዝንጅብል ጨምርበት" በቂ ነው። ካላወቀው ልኩ ይኸው፦ ጂን 60 ሚሊ፣ አሁን የተጨመቀ ሎሚ 22 ሚሊ፣ የማር ውሃ 22 ሚሊ፣ በስሱ የተቆረጠ ዝንጅብል 2 ወይም 3። ዝንጅብሉ መጀመሪያ ሼከሩ (ኮክቴል የሚመታበት ክዳን ያለው ዕቃ) ውስጥ ይደቆሳል፤ ከዚያ ሁሉም ይገባል፣ በረዶ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይሞላል፣ ለ12 ሰከንድ ያህል በኃይል ይመታል፣ በሻይ ማጥለያ ይጠለላል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማሩ ላይ ነው። ማር እንዳለ በረዶ ላይ ከወረደ ይጠጥርና ሼከሩ ግርጌ ተለጥፎ ይቀራል፤ አንቺ የምትጠጪው ሎሚና ጂን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ 2 እጅ ማር በ1 እጅ ሙቅ ውሃ ይበጥበጥ፣ ወፈር ያለ ብርዝ ማለት ነው፤ ሰፈፉ ተጠልሎ ይቀዝቅዝ። ጥቁር ማር ጂኑን ይሸፍነዋል፤ ነጩን ጠይቂ። ሁለተኛው ጥፋት በረዶው ነው፦ መቅለጥ የጀመረ፣ ውሃ ያቀረረ በረዶ መጠጡን ሳያቀዘቅዝ ያቀጥነዋል። ሎሚው ደግሞ ትናንት ተጨምቆ ያደረ ከሆነ ይቅር፣ ይመራል።

አሞራ ገደል፦ ወንድሜ፣ ልክህ ትክክል ነው፤ ግን ጣፋጭ ሰልችቶኛል ላለች ሰው በ2 ለ1 የተበጠበጠ ማር 22 ሚሊ ይበዛል። በ15 ትጀምር። መጨመር ይቻላል፣ ማውጣት አይቻልም። ከጣፈጠሽ 5 ሚሊ ሎሚ አስጨምሪና እንደገና በበረዶ ይምታው፤ ሶዳ ጣዕሙን ያቀጥነዋል እንጂ አያስተካክለውም። አልኮሉ ከበረታብሽ ግን ሶዳ ነው መፍትሔው፣ ረጅም ብርጭቆ ላይ 50 ሚሊ። ይህን ሁሉ የምታደርጊው ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ ነው፤ ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ነውር ነው።

ሀዋሳዊት፦ ተባረኩ። አረቄውና ጾመኛውስ?

ከባንኮኒው ጀርባ፦ የቤት አረቄ አይሁን። ጥንካሬው ከአንዱ ማሰሮ ወደ ሌላው ስለሚለያይ 60 ሚሊ ስንት አልኮል እንደያዘ ማንም አይነግርሽም። የፋብሪካው ኡዞም የአኒስ ጠረኑ ሎሚውንም ማሩንም ይውጣል። ጂን ከጠፋ ቮድካ ይሻላል፤ ሽታ ስለሌለው ዝንጅብሉን ወደ 4 ቁራጭ ከፍ አድርጊ።

ለጾመኛው፦ የአንቺው መጠጥ ውስጥ እንቁላልም ወተትም የለም። መጠንቀቅ ያለበት ዊስኪ ሳወር (ዊስኪ በሎሚና በስኳር) ካዘዘ ነው፤ ለአረፋው የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩ አሉ፣ ሜኑው ላይም ላይጻፍ ይችላል። አረፋውን ከፈለገ የሽምብራ ቅቅል ውሃ 25 ሚሊ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጨው ያልገባበት መሆን አለበት። ከኩሽና ማምጣት ስላለባቸው ከሰዓት በኋላ ደውላችሁ ንገሯቸው። ማሩንም በዚያው ቀድመው ይበጥብጡት፤ ትኩሱ ሼከር ውስጥ ከገባ በረዶውን ያቀልጠዋል።