«አውቶቡስ ነጻ ከሆነ መኪናው ራሱ ይቆማል» ለምትሉ

ወረፋ ጠባቂ፦ ትናንት «አውቶቡስና ባቡር ነጻ ይሁን፤ ያኔ መኪናው ራሱ ይቆማል» ተብሎ ተጻፈና ስንቱ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጭብም። በቀን ሁለቴ ፌርማታ ላይ የምቆም ሰው ነኝ፤ ያማረረኝ ታሪፉ ሳይሆን የማይመጣው አውቶቡስ ነው። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ነዋሪዎቿን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ታሳፍራለች። ተሳፋሪ ጨምሯል፤ ግን ከጨመረው ብዙው ከመኪና የወረደ ሳይሆን ድሮ በእግሩ ይሄድ የነበረ ነው። የቱ መኪና ነው «ራሱ» የቆመው?

ነጻ ይሁን፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። ሉክሰምበርግ በ2020 እ.ኤ.አ. በአገሩ በሙሉ አውቶቡስና ባቡሩን ነጻ አድርጋለች፤ የባቡር አንደኛ ማዕረግ ብቻ ነው የሚከፈልበት። የእግረኛ መንገድ ላይ ስትሄድ ማን ያስከፍልሃል? አውቶቡሱስ ለምን የተለየ ይሆናል?

ወረፋ ጠባቂ፦ ስለ እግረኛ መንገድ አልጠየቅኩህም። «ራሱ ይቆማል» ያልከውን ነው የጠየቅኩህ። ሉክሰምበርግም ዛሬ መንገዷ በመኪና የተጨናነቀ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ «በእግሩ ይሄድ የነበረ ነው» ብለህ ማለፍህ አንጀቴን አሳረረው። እግረኛው ሰው አይደለም? ወር ሲጋመስ ልጄን አዝዬ በእግሬ የምሄደው መሄድ ስለምወድ አይደለም፤ ለሁለት ጉዞ የሚበቃ ስለማይተርፈኝ ነው። እኔ ብሳፈር ማንም መኪና አይቆም ይሆናል፤ ታዲያ የኔ መሳፈር ከቁጥር አይገባም?

ወረፋ ጠባቂ፦ ይገባል እህቴ፣ ይቅርታ። ለአንቺ የቅናሽ ካርድ ይሰጥ፤ ከልቤ እደግፋለሁ። እሱ የተከራከረው ግን ስለ አንቺ አይደለም፣ ስለ መኪናው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ካርዱን ለማግኘት ድሃ መሆኔን የሚያስረዳ ወረቀት ይዤ ልሰለፍ? ያንን ወረፋስ ጠብቀኸው ታውቃለህ?

ጡረተኛ ሹፌር፦ ልጆች፣ ብዙ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሰው የተቆጣኝ ሁሉ «የት ነበርክ?» እያለ ነው፤ «ለምን ታስከፍለኛለህ?» ያለኝ ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ አውቶቡስ ትንሽ ሲዘገይ ፌርማታው ይሞላል። ብዙ ሰው እስኪሳፈር ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር የበለጠ ይዘገያል። ከኋላ ያለው ደግሞ ባዶ ፌርማታ እያገኘ ይደርስበታል። ሁለቱ ጠፍተው ጠፍተው ተከታትለው ሲመጡ «ሹፌሮቹ ወሬ ይዘው ነው» እንባላለን። መፍትሔው ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድና ፈጣን መሳፈር ነው።

ነጻ ይሁን፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! በር ላይ ክፍያ ከሌለ ይፈጥናል ማለትዎ አይደል?

ጡረተኛ ሹፌር፦ አይ ልጄ፣ ያላልኩትን አታስብለኝ። ክፍያው አስቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የፈጣን አውቶቡስ አገልግሎት በ2000 እ.ኤ.አ. ስትጀምር እንዲሁ ነው ያደረገችው፤ ተሳፋሪው ጣቢያ ሲገባ ይከፍላል፣ አውቶቡሱ በተከለለለት መንገድ ይደርሳል፣ በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ።

ባለ መኪና፦ የምታስቆሙት የኔን መኪና ነው፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ነጻ ቢሆንም አልወርድም። ለነዳጅ የማወጣው ከትኬት ይበልጣል፤ ነገሩ ገንዘብ ቢሆን ድሮ እወርድ ነበር። በየ30 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ በአማካይ 15 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ መስመር ስቀይር ሌላ 15። በየ5 ደቂቃው ይምጣና ቁልፌን እሰቅላለሁ።

መንገድ ለሕዝብ፦ ቃልህን ባምን ደስ ይለኝ ነበር። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በ2005 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ አውቶቡስ ጨመረች፤ መኪናው እምብዛም አልቀነሰም። በጥር 2006 መሃል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ ክፍያ ስትጥል ግን ትራፊኩ በ20 በመቶ ገደማ ወረደ። ሙከራው ሐምሌ ላይ ሲያበቃ መኪናው በአብዛኛው ተመለሰ፤ በ2007 ክፍያው ቋሚ ሲሆን እንደገና ቀነሰ። በነጻም ይሁን በአውቶቡስ ብዛት «ራሱ» የሚቆም መኪና የለም። ሰው የሚያቆመው ነው።

ባለ መኪና፦ ታዲያ እኔ ልቀጣ? መክፈል የሚችለው ሀብታም መንገዱ ይለቀቅለታል፣ እኔ እወጣለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ አንተ ብቻህን መሪ ይዘህ፣ ከኋላህ 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ መንገድ እስክትለቅ ሲጠብቅ፣ የተቀጣነው እኛ አይደለንም?

ነጻ ይሁን፦ ጥሩ፤ መኪናው ይክፈል፣ በገንዘቡ አውቶቡሱ ነጻ ይሁን።

ወረፋ ጠባቂ፦ አውቶቡስ ይገዛበት እንጂ! የቤልጂየሟ ሃሰልት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ስታሳፍር ኖራ በ2013 ወጪው ከብዷት ማስከፈል ጀመረች። አንድ ገንዘብ ሁለቴ አይወጣም።

ነጻ ይሁን፦ ተሳፋሪዋ ከአሥር እጥፍ በላይ ማደጉን ለምን ዘለልከው?

ወረፋ ጠባቂ፦ መስመሮቿንም አብዝታ ስለነበር! ያመጣቸው ታሪፉ ነው ወይስ አውቶቡሱ?

ነጻ ይሁን፦ ሁለቱም።

ወረፋ ጠባቂ፦ ታዲያ «ራሱ» አይደለማ!

የሁለት ልጆች እናት፦ «ራሱ» ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። የካርዱን ጥያቄዬን ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።