ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ የሣለበትን አገር ለማየት ደቡብ ፈረንሳይ አርል ልሂድ ወይስ ፓሪስ አጠገብ ኦቬር?

የአዘዞው መምህር፦
ሠላሳ ዓመት ሥዕል አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፓሪስ ያለችው ልጄ ለጥቅምት ትኬት ቆርጣልኛለች። ቪዛውም ከስንት ምልልስ በኋላ ተመታ፤ እሱን አላነሣም። ለብቻዬ የምዞርበት አራት ቀን አለኝ። ኤፍል ማማን ከሩቅ ካየሁት ይበቃኛል። ለተማሪዎቼ ሳሳይ የኖርኩት ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ የቀደድኩትን የእሱን የሱፍ አበባ ሥዕል ነበር፤ ቢጫው በፀሐይ ነጥቶ እንደ ሽሮ ሆኗል። አርል ሄጄ ያንን የኖረበትንና የሣለውን ቢጫ ቤት በዓይኔ ባየው ደስ ይለኛል። ባቡሩ ሩቅ ነው ይላሉ። መንገዱ ያዋጣል?

ማርሴይ ያለሁት፦
ጋሼ፣ ቢጫው ቤት እኮ የለም! በፈረንጆቹ 1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመትቶ ፈርሷል። ሥዕሉ ላይ ከጀርባው የሚታየው ፎቅ ግን ዛሬም ቆሟል። የሱፍ አበባዎቹንም አርል አያገኟቸውም፤ ለንደን፣ አምስተርዳምና ሙኒክ ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ተናድጄ ልመለስ ነበር። ማታ ሮን ወንዝ ዳር ወጥቼ መብራቱ ውሃው ላይ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው ንዴቴ የበረደው። ቫን ጎግ ያንኑ ወንዝ በሌሊት የሣለበት ሥዕል ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ነውና አስቀድመው እሱን ይዩት። አርል ከሄዱ ጋቢ አይርሱ። ሚስትራል የሚሉት ነፋስ ሰው ይገፋል፤ ቫን ጎግ ራሱ የሥዕል ማቆሚያውን በካስማ መሬት ላይ እየቸከለ ነበር የሚሠራው።

ፒያሳ፦
ደብረ ብርሃን ሥላሴን ደጅዎ ላይ አስቀምጠው ፈረንሳይ ድረስ? 😀

የአዘዞው መምህር፦
አንተ ልጅ፣ የሥላሴን ጣሪያ ሳንጋጥጥ እኮ ነው አንገቴ የተጣመመው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በእኛ 1880 ጥር ላይ ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ ሥላሴ ተረፈች። ቫን ጎግ አርል የገባው በዚያው ዓመት የካቲት ነው። እዚህ አመዱ ገና ሳይበርድ እሱ እዚያ ያበበ ዛፍ ይሥል ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

የፓሪሱ፦
ለአራት ቀን ኦቬር ይሻልዎታል፤ ከፓሪስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የመጨረሻዎቹን 70 ቀናት ያህል እዚያ ነው የኖረው። የተከራያት የእንግዳ ማረፊያ 5 ቁጥር ክፍል ጣሪያ ሥር ናት፤ ባዶ፣ መስኮቷም አንዲት ቀዳዳ ነገር። ምግብን ጨምሮ በቀን 3 ፍራንክ ከ50 ይከፍል ነበር። በፈረንጆቹ ጁላይ 1890 ሕይወቱ ያለፈው እዚያችው ነው። ከዚያ ዳገቱን ሲወጡ የሣላት ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከፍ ብሎ መካነ መቃብሩ። ከወንድሙ ከቴዎ ጋር ጎን ለጎን ናቸው፤ ሁለቱንም አንድ ሐረግ አልብሷቸዋል። ከአጥሩ ውጭ የስንዴ ማሳ ነው። ክፍሏ በፈረንሳይ የብርድ ወራት ስለምትዘጋ በጥቅምት መጀመሪያ ይሂዱ።

የአዘዞው መምህር፦
ወንድምዬው አጠገቡ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንግዲያውስ ኦቬር። በጥቅምት ደንቢያ በኑግ አበባ ቢጫ ለብሳ ጥያት መሄዴ ትንሽ ይቆጨኛል። የማርሴይዋ ልጄ፣ በርበሬ ያሳልፋሉ? ለልጄ የያዝኩት ሁለት ኪሎ ነው።