ከቢያፍራ ጦርነት በኋላ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ ወይ?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦ ሰላም ወገኖች። ጎረቤቴ ከወለጋ የተፈናቀሉ እናት ናቸው፤ የቤታቸውን ቁልፍ እስካሁን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። ናይጄሪያ ላይ የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ ተብሎ ልገንጠል ካለበት ጦርነት በኋላ የሸሸው ሰው ቤቱን አገኘ?

መልስ፣ መንዝ፦ በጥር 1970 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲያበቃ የናይጄሪያ መሪ ጄኔራል ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» አለ። ጥሩ ቃል ነው፤ ግን የቢያፍራ ሰው ከሆንክ ባንክ ውስጥ ስንትም ይኑርህ የሚሰጥህ 20 ፓውንድ ብቻ ነበር፣ ፖርት ሃርኮርት ከተማ ላይ ደግሞ የኢግቦዎች፣ የቢያፍራ ዋናው ሕዝብ፣ ቤት «የተተወ ንብረት» ተብሎ ተወሰደ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መልስ፣ አንኮበር፦ ጃንሆይም በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሁለቱን ወገኖች ሊያስታርቁ ሞክረው አልሆነም። ሰሜን ናይጄሪያ ውስጥ ግን ከኢግቦዎቹ ቤታቸው ተጠብቆ፣ የተጠራቀመ ኪራይ ሳይቀር የተመለሰላቸው አሉ።

ጠያቂ፦ ኪራዩ ሳይቀር? ማታ ቡና ላይ እነግራቸዋለሁ።