ቲቪው ሰፊ፣ ፊልሙ ጠባብ ሆነብኝ

እንደምን ናችሁ? ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። በቅርቡ ባለ 43 ኢንች ቲቪ ገዛሁ። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ከፍላሽ ፊልም ከፈትኩ። ከላይና ከታች ጥቁር! በሜትር ለካሁት (አዎ፣ እዚህ ድረስ ደርሻለሁ)፤ እያንዳንዱ ወደ 7 ሳንቲም ነው። እናቴ «የተበላሸ ሸጡልህ» አለችኝ። ሻጩ ደግሞ «አብሽር፣ ጤነኛ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

በስልኬ አግድም የቀረጽኩት የእህቴ ሰርግ ግን ስክሪኑን ሞልቶ ይታያል። አንድ ጎረቤቴ እንዳስረዳኝ ቲቪው 16 በ9 ነው (ወርዱ 16 ቢሆን ቁመቱ 9 ማለት ነው)፤ ብዙ የሲኒማ ፊልም ግን ወርዱ የቁመቱን 2.39 እጥፍ ያህል ነው። ትርፉ ቦታ ጥቁር ይሆናል። ይሁን። በሪሞት «ዙም» ሳደርገው ጥቁሩ ጠፋ፣ ዳር ያሉት ተዋንያንም አብረው ጠፉ። ወደላይ ስለጥጠው የሰው ፊት ሁሉ ረዘመ።

ያቃተኝ ግን የዲሹ ነው። ፊልም ሲመጣ በአራቱም በኩል ጥቁር ሆኖ፣ ምስሉ መሃል ላይ እንደ ፖስትካርድ ይቀመጣል። ሪሲቨሬ አሮጌ ነው። 4 በ3 ላይ ተቀምጦ ይሆን? ሜኑው ውስጥ የት ገብቼ ነው 16 በ9 የማደርገው? ወይስ ጣቢያው ራሱ እንደዚያ እየላከው ነው? የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ እናቴ ቲቪውን መልስ እያለች ነው።