ልጆቹ ተመችቷቸዋል፣ ወላጆቹን ምን ላድርጋቸው?

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ከነወላጆቻቸው ይዤ ጫካ እወጣለሁ። በነፃ ነው። ዛፍና ወፍ እናያለን።

ያስቸገሩኝ ትልልቆቹ ናቸው። ልጆቹማ ጉንዳን ካዩ ግማሽ ሰዓት ተንበርክከው ይቀራሉ። አባቶቹ ስልክ ላይ ናቸው። እናቶቹ ደግሞ «ልብስህ!» ይላሉ።

ባለፈው አንዱን ሕፃን ሳማ ለበለበው። እጁ ሽፍ አለ፣ ጩኸቱማ አይነሳ። አብረውን የወጡ አንዲት እማማ ቱልት የሚባለውን ቅጠል ቀጥፈው አሹለት፣ ዝም አለ። ከዚያ ስለ ኮሶ፣ ስለ ብሳና ሲያወሩ ስልኩን የነካ ሰው አልነበረም። እኔ በወር ያላስተማርኩትን በአሥር ደቂቃ! የልጁ እናት ግን ተቀይማ ቀረች። በሳምንቱ የመጣው አራት ቤተሰብ ብቻ ነው።

ደግሞ አካባቢያችን ባህር ዛፍ በባህር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው ስላቸው ልጆቹ ይስቁብኛል። ጥድና ወይራ እንዲያዩ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ልውሰዳቸው ብል የታክሲውን ማን ይችለዋል?

እባካችሁ፣ ልጅና አዋቂ አንድ ላይ ያስተማራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለየብቻ ልከፋፍላቸው? ወላጆችን አስቀድሜ ላስፈርም ወይስ ያስደነግጣቸዋል? እማማንም በየሳምንቱ ባገኛቸው ደስ ይለኛል፤ ግን ጉልበታቸው ዳገቱን አልቻለም። እሳቸው ሳይወጡ ጨዋታቸውን እንዴት ላምጣው?