ምንም ሳይሰማት የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ለምን?

ጥያቄ (ከፒያሳ)
ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት እህቴ በልጅነቷ ቶንሲልና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይመላለስባት ነበር። ሰሞኑን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሥታ «ከፍተኛ የማይትራል ቫልቭ መፍሰስ» የሚል ውጤት መጣ፤ የልቧ ደም የመርጨት አቅም ደግሞ 58 በመቶ ተብሏል። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምና እንድናስብ ነግረውናል። እሷ ግን የቸርችልን ዳገት በእግሯ ወጥታ ምንም አይሰማኝም ትላለች፤ እናታችንም መጀመሪያ ጠበል ትሞክር ባይ ናቸው። ትንሽ ብንጠብቅ ጉዳት አለው?

መልስ 1
የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ምርመራውን ሳላይ ስለ እህትዎ መወሰን ባልችልም የሐኪሟ ምክር መነሻ ይገባኛል። ማይትራል በግራው የልብ ክፍል፣ በላይኛውና በታችኛው ጓዳ መካከል ያለ መዝጊያ ነው፤ በደንብ ካልገጠመ ልብ በተኮማተረ ቁጥር ከደሙ ከፊሉ ወደ ላይኛው ጓዳ ይመለሳል። ልብ ይህን ለማካካስ እየሰፋ ስለሚሄድ ሕመምተኛው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። 58 በመቶ በሌላ ሰው ላይ ብዙም የማያሳስብ ቁጥር ነው፤ እዚህ ግን ያታልላል፤ ደሙ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ቀላል መንገድ ስላለው የደከመ ልብ ብርቱ መስሎ ይታያል። መፍሰሱ ከፍተኛ ሆኖ የመርጨት አቅሙ 60 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን፣ ወይም ታችኛው ጓዳ ተኮማትሮ ሲያበቃ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ሲደርስ፣ ስሜት ባይኖርም ቀዶ ሕክምና የሚመከረው ለዚህ ነው። ጡንቻው አንዴ ከተጎዳ ቫልቩ ቢስተካከል እንኳ አቅሙ ላይመለስ ይችላል። መፍሰሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ በየጊዜው ኢኮ እየተነሡ መከታተል ይበቃ ነበር።

መልስ 2
እኔ ብረት ቫልቭ ካስገባሁ ቆይቻለሁ። ሐኪሟን «ይጠገናል ወይስ ይቀየራል?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠገን ከተቻለ ይመረጣል፤ በቁርጥማት የተጎዳ ቫልቭ ግን ሁልጊዜ አይመችም። ብረቱ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) መውሰድና ደም መመርመር ይጠይቃል። በጾም ወራት ጎመን ሳበዛ የደም ውጤቴ ይዛባል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መጠኑን እኩል አድርጌ እበላለሁ። ከእንስሳት ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ ባይፈልግም በወጣቶች ላይ ቶሎ ያረጃል። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እህትዎ ልጅ መውለድ የምታስብ ከሆነ ይህ ጉዳይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መነሣት አለበት።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅ መውለዱን ማንም አላነሣብንም ነበር። ጠበሉስ?

መልስ 1
መጠመቋን የሚከለክል የለም፤ መድኃኒት ማቋረጥን ግን አልቀበልም። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ቁርጥማቱ ተመልሶ ቫልቩን ይበልጥ እንዳይጎዳ ስለሚከላከል፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሐኪሟ እስካላስቆሙት ድረስ ይቀጥላል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ማዕከል ከተላከች የቀድሞ የኢኮ ውጤቶቿን በሙሉ ትያዝ፤ ልቧ በምን ፍጥነት እየሰፋ እንደ መጣ የሚታወቀው እነሱን በማነጻጸር ነው።