የበቆሎ ማሳው ጉንዳን ከጫካ ቡናው በለጠብኝ፤ የት ላይ ተሳሳትኩ?

ጥያቄ (የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ጅማ)
ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በጫካ ቡና፣ በጓሮ ቡና፣ በበቆሎ ማሳና በባሕር ዛፍ ውስጥ ያሉ የጉንዳን ዝርያዎችን እያነጻጸርኩ ነው። በየቦታው 10 የፕላስቲክ ብርጭቆ አፉ እስከ መሬት ቀብሬ ለ48 ሰዓት ተውኩ። አንዱ የበቆሎ ብርጭቆ ብቻውን ከጫካው አስሩ የበለጠ ያዘ። ሁለቱን የጫካ ብርጭቆዎች ደግሞ ዝናብ ሞላቸው። አማካሪዬ «እንግዲህ ጫካው ድሃ ነው ልትዪን ነው?» ብለው ሳቁ። ምን ላድርግ?

መልስ (የነፍሳት ተመራማሪ)
ጉንዳን አንድ በአንድ አይቆጠርም። ብርጭቆሽ የአንድ ጎጆ መንገድ ላይ ካረፈ እህትማማቾቹ ተከታትለው ይገባሉ። የሚቆጠረው አንድ ዝርያ ከአስሩ ብርጭቆዎች በስንቱ ተገኘ የሚለው ነው። ያ የበቆሎ ብርጭቆ ሺህ ቢይዝም ሁሉም አንድ ዝርያ ከሆኑ ሰንጠረዥሽ ላይ የሚገባው «1» ነው። ደግሞም ብርጭቆ የሚለካው እንቅስቃሴን ነው። ገላጣ መሬት ስለሚሞቅ ጉንዳኑ ይሮጣል። ጫካ ውስጥ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ብዙ ዝርያዎች ከቅጠል ብስባሹ ሳይወጡ ይኖራሉ፤ ብርጭቆሽ አያገኛቸውም። አንድ ካሬ ሜትር ብስባሽ ሰብስበሽ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ወንፊት ንፊው፤ የወረደውን በመረብ ከረጢት አድርገሽ፣ ከሥሩ አልኮል ያለበት ብርጭቆ በታሰረ የአቡጀዲ ጆንያ ውስጥ ስቀዪው። ብስባሹ ሲደርቅ ጉንዳኑ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ መሣሪያ ዊንክለር ይባላል፤ ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል።

መልስ (የመስክ ረዳት)
ዝናቡን በተመለከተ፦ በሦስት ምስማር ላይ የፕላስቲክ ሳህን እንደ ጣሪያ አቁሚ። ብርጭቆው ውስጥ በምታደርጊው ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጊ፤ አለዚያ ቀላሎቹ ተንሳፍፈው ይወጣሉ። አዲስ የተቆፈረ አፈር ራሱ ጉንዳን ስለሚስብ፣ ብርጭቆውን ከድነሽ ጥቂት ቀን ካቆየሽ በኋላ ክፈቺው። ሁሉንም ቦታ በተመሳሳይ ቀናት ክፈቺ። በቡና ለቀማ ሰሞን ከሆነ ግን የለቃሚ እግር አያተርፍልሽም፤ እኔ ግማሹን አጥቻለሁ።

መልስ (ቡና አምራች)
ልጄ፣ ብርጭቆሽ ዛፍ አይወጣም። በእኔ ጓሮ ዋንዛው ላይ ከታኘከ እንጨት የተሠራ ጥቁር ኳስ የመሰለ የጉንዳን ጎጆ አለ። ቅርንጫፉን ሲነኩበት ጅራቱን ወደ ላይ ቀስሮ ይመጣል። ቡናው ቅጠል ላይ የተለጠፉትን ጭማቂ መጣጭ ተባዮችም ይጠብቃል፤ ጣፋጭ ፈሳሻቸውን ይልሳልና። የመሬቱን ቁጫጭ ብቻ ቆጥረሽ እንዳትሄጂ።

መልስ (የነፍሳት ተመራማሪ)
አባታችን የተናገሩት ክሬማቶጋስተር የሚባለው የጉንዳን ወገን ሳይሆን አይቀርም። ከቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ዘርግተሽ ቅርንጫፉን ምቺ፤ በእያንዳንዱ ዛፍ እኩል ደቂቃ ፈልጊ። ሌላም አለ። በአንድ የባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ የቀበርሻቸው አስር ብርጭቆዎች አስር ድግግሞሽ (ለየብቻ የሚቆጠር ናሙና) አይደሉም፤ አንድ ናቸው። ገንዘቡ ካነሰ በየቦታው ብርጭቆውን ቀንሰሽ የማሳውን ቁጥር አብዢ። የተረበሸ መሬትን አንድ ዝርያ መውረሩ እዚህ አገርም የታወቀ ነው፦ በ2017 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ የተባለው የአገራችን ጉንዳን እስከ 38 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ ማኅበር መሥርቶ መገኘቱን ገልጿል። የበቆሎሽን ብርጭቆ የሞላው የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳታዪ ስለ ብዛቱ አትጻፊ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በየዓይነቱ መለየት ጀምሬያለሁ፤ የበቆሎው ብርጭቆ እስካሁን ሁለት ዓይነት ብቻ ነው የወጣው። አንድ ያሳፈረኝ ነገር ግን አለ፦ አልኮል ስላለቀብኝ የጫካዎቹን በካቲካላ ነው ያስቀመጥኳቸው።

መልስ (የመስክ ረዳት)
ካቲካላ ደካማ ነው፤ ይበሰብሱብሻል። ዛሬውኑ ከመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል ገዝተሽ አዛውሪያቸው። ቦታና ቀን የጻፍሽበትን ወረቀት በእርሳስ ጽፈሽ ከውስጥ ጨምሪ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።